ያገለገለ ወርክስቴሽን ለጌም፦ ካርድ ከመግዛታችሁ በፊት መለያውን አንብቡ

ባሕር ዳር ውስጥ ያገለገለ ኮምፒውተር በሚሸጥባቸው ሱቆች ከቢሮ ኮምፒውተሮች ጎን ከበድ ያሉ ጥቁር ኬዞች አይጠፉም፤ ኤችፒ ዜድ420፣ ዜድ440፣ ዴል ፕሪሲዥን ቲ3600፣ ቲ5810። እነዚህ ወርክስቴሽኖች ለኢንጂነሪንግ ዲዛይንና ለቪዲዮ ሥራ የተሠሩ ናቸው። ብረታቸው ጠንካራ ነው፣ ፓወር ሰፕላያቸው ከተራ የቢሮ ማሽን ይሻላል፣ የራም ቦታቸውም ሰፊ ነው። ለጌም የሚጎድላቸው አብዛኛውን ጊዜ ግራፊክስ ካርድ ብቻ ነው። ብዙ ሰው ግን መጀመሪያ ካርዱን ይገዛል፣ ማሽኑ ምን መሸከም እንደሚችል የሚያጣራው ቤቱ ከገባ በኋላ ነው። ገንዘብ የሚባክነውም እዚህ ላይ ነው። በዚህ መመሪያ ማንበቡ ይቀድማል፣ መግዛቱ ይከተላል።

የሚያስፈልጉ ዕቃዎች፦ የኮከብ ራስ ያለው ቲ15 ካቻቢቴ (የኤችፒ ብሎኖች በጠፍጣፋ ካቻቢቴም ይፈታሉ)፣ የፊሊፕስ ካቻቢቴ፣ ለስላሳ ብሩሽ፣ ቴርማል ፔስት (በፕሮሰሰሩና በማቀዝቀዣው መካከል የሚቀባ ሙቀት አስተላላፊ)፣ 90 በመቶና ከዚያ በላይ የሆነ አይሶፕሮፒል አልኮል፣ ቴስተር፣ ሲአር2032 ባትሪ፣ 8 ጊጋባይት ፍላሽ።

1. ፓወር ሰፕላዩን አንብቡ

ሶኬቱን ንቀሉ፣ የማስነሻውን ቁልፍ ለአምስት ሰከንድ ተጭናችሁ የቀረውን ኃይል አፍስሱ፣ ከዚያ የጎኑን ክዳን ክፈቱ። ፓወር ሰፕላዩ ላይ ከተለጠፈው ወረቀት ሁለት ነገር ጻፉ፦ ጠቅላላ ዋቱንና በ12 ቮልት መስመር የሚሰጠውን አምፔር። ዜድ420 ላይ ብዙ ጊዜ የምታገኙት 600 ዋት ነው። ቲ3600 ግን በ425 ዋትም በ635 ዋትም ተሽጧል፤ ሁለቱ በውጭ ሲታዩ ይመሳሰላሉ፣ ስለዚህ ሻጩ የነገራችሁን ሳይሆን ወረቀቱን እመኑ።

ቀጥሎ ለግራፊክስ ካርድ የሚወጡትን ገመዶች ቁጠሩ። ባለ 6 ፒን ገመድ በደንቡ 75 ዋት፣ ባለ 8 ፒን 150 ዋት ይሰጣል። ካርዱ የሚሰካበት ቦታ ራሱ እስከ 75 ዋት ይጨምራል። ዜድ420 ሁለት ባለ 6 ፒን ገመድ አለው።

ስሌቱ ቀላል ነው። ዚዮን ኢ5-1650 ፕሮሰሰር 130 ዋት፣ ጂቲኤክስ 1060 ካርድ 120 ዋት፣ ማዘርቦርድ፣ ራም፣ ዲስክና ፋን ተደምረው 60 ዋት ያህል፤ ድምሩ 310 ዋት ነው። ለ600 ዋት ቀላል ሸክም ነው። 425 ዋትም ይችለዋል፣ ግን ባለ 6 ፒን ገመዱ መኖሩን በዓይናችሁ ሳታዩ አትግዙ።

ገመድ ሲጠፋ ከሳታ ዲስክ ገመድ ወደ 6 ወይም ወደ 8 ፒን የሚቀይር አዳፕተር የሚሸጥላችሁ ሰው አይጠፋም። አትግዙት። የሳታ መሰኪያ በ12 ቮልት መስመሩ የሚችለው 4.5 አምፔር፣ ማለትም 54 ዋት ብቻ ነው። ካርዱ 75 ወይም 120 ዋት ሲስብ ፕላስቲኩ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይቀልጣል። በገመድ ፈንታ ገመድ የማይፈልግ ካርድ ምረጡ።

ፓወር ሰፕላዩን በተራ የገበያ ፓወር ሰፕላይ ልቀይረው ብላችሁም አትቸኩሉ። የኤችፒና የዴል ወርክስቴሽኖች መሰኪያ ተራውን ቢመስልም የፒኖቹ አደራደር የራሳቸው ነው። ለዚያው ሞዴል የተሠራ አዳፕተር ሳይኖር በግድ መሰካት ማዘርቦርዱን ያቃጥላል።

2. ፕሮሰሰሩንና ባዮሱን እወቁ

ኤችፒ ሲነሳ ኤፍ10፣ ዴል ሲነሳ ኤፍ2 ተጫኑ፤ ባዮስ፣ ማለትም ማሽኑ ሲነሳ ከዊንዶውስ በፊት የሚሠራው የማዘርቦርዱ ፕሮግራም፣ ይከፈታል። የፕሮሰሰሩን ስም ጻፉ። ለጌም የሚጠቅመው የኮር ብዛት ብቻ አይደለም፣ እንዲያውም የእያንዳንዱ ኮር ፍጥነት ይቀድማል። ኢ5-2680 ቪ4 14 ኮር አለው፣ መነሻ ፍጥነቱ ግን 2.4 ጊጋኸርዝ ነው። ኢ5-1650 ቪ4 6 ኮር ብቻ ቢሆንም ከ3.6 ተነስቶ 4.0 ይደርሳል፤ አብዛኛው ጌም በሁለተኛው ላይ ይሻላል። 14 ኮር የሚለው ቁጥር ሻጭ ሲጠራው ያምራል፣ ለቪዲዮ ሬንደር ከሆነም ይውሰዱት፤ ለኳስ ጌምና ለተኩስ ጌም ግን አትክፈሉበት።

ከስሙ በኋላ ቪ2፣ ቪ3፣ ቪ4 የሚለው ትውልዱን ይናገራል። የመጀመሪያውና ቪ2 ኤቪኤክስ2 የሚባለው የትእዛዝ ስብስብ የላቸውም፣ ቪ3 እና ቪ4 አላቸው። ኤቪኤክስ2 ግድ የሚሉ አዳዲስ ጌሞች በቪ2 ላይ ሲከፈቱ ወዲያው ይዘጋሉ፤ ካርድ ብትቀይሩም አይድኑም። እንደ ዜድ400 ያሉት ከዚያ በፊት የመጡት ማሽኖች ደግሞ ኤቪኤክስ ራሱ የላቸውም። ዋጋቸው ቢረክስም ዛሬ ለጌም ብሎ መግዛቱን አንመክርም።

ዜድ420 ይዛችሁ ወደ ቪ2 ለማሳደግ ካሰባችሁ ይህን ሳታዩ ፕሮሰሰር አትግዙ፦ ባዮስ ውስጥ ፋይል በሚለው ሥር ሲስተም ኢንፎርሜሽን ክፈቱና የቡት ብሎክ ቀኑን ተመልከቱ። 03/06/2013 ካለ ቪ2 ይቀበላል። 12/28/2011 ካለ አይቀበልም። ባዮስ ማደስ ይህን ቀን አይለውጠውም። ሁለቱ ማዘርቦርዶች ሲታዩ መንትያ ናቸው፣ ልዩነቱን የምታገኙት በዚህች መስመር ብቻ ነው።

ባዮስ ማደስ ካስፈለገ ዩፒኤስ ላይ ካልሆናችሁ አትጀምሩ። በእድሳቱ መካከል መብራት ከጠፋ ማሽኑ ዳግም ላይነሳ ይችላል። ደመና ባዘለ የሐምሌ ከሰዓት አታድርጉት፣ መብራቱ ረጋ ባለ ሰዓት አድርጉት።

3. ራም

አንዱን ራም አውጡና መለያውን ወደ ብርሃን አዙሩት። ዲዲአር3 ላይ ከቁጥሮቹ መካከል 12800 ወይም 10600 የሚል ታገኛላችሁ፤ ከኋላው የተለጠፈችው የእንግሊዝኛ ፊደል ናት ቁም ነገሩ። አር ከሆነ ሬጂስተርድ፣ ኢ ከሆነ ኢሲሲ (ስሕተት የሚያርም) ግን ሬጂስተርድ ያልሆነ፣ ዩ ከሆነ ተራ ራም ነው። አር እና ኢ አንድ ማሽን ላይ አይቀላቀሉም፤ ከቀላቀላችኋቸው ማሽኑ ይጮኻል እንጂ አይነሳም። ዜድ420 ከፋብሪካ የሚመጣው በኢ ነው፣ ዜድ440 ደግሞ በሬጂስተርድ ዲዲአር4። ስለዚህ «8 ጊጋ ዲዲአር3» ብላችሁ አትጠይቁ፣ ያለውን ራም ይዛችሁ ሂዱና ከመለያው ጋር አመሳስላችሁ ግዙ።

እነዚህ ማሽኖች ራም የሚያነቡት በአራት መስመር ነው። አንድ 16 ጊጋባይት ከመሰካት አራት ባለ 4 ጊጋባይት ይሻላል፤ በጌም መካከል የሚሰማው መቆራረጥ ብዙ ጊዜ የሚቀንሰው በዚህ ነው። የትኛው ቦታ እንደሚቀድም የጎኑ ክዳን ውስጠኛ ፊት ላይ ወይም ማዘርቦርዱ ላይ በቁጥር ተጽፏል። በሁለቱም ጫፍ ጠቅ እስኪል ተጫኑ። ኤችፒ ከዚህ በኋላ ሲነሳ 164 የሚል የራም መልእክት ቢያሳይ አትደንግጡ፣ የራም መጠን መቀየሩን መናገሩ ነው፤ መልእክቱ የሚጠይቀውን ቁልፍ ተጫኑና እለፉ።

4. አቧራና ቴርማል ፔስት

ባሕር ዳር ከባሕር ወለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 80 በመቶ ያህል ነው። ፋኑ በተመሳሳይ ፍጥነት እየዞረ የሚገፋው አየር ሳስቷል ማለት ነው። በቪዲዮ ላይ ያያችሁት ማሽን 70 ዲግሪ ከሆነ የእናንተ ጥቂት ዲግሪ ከፍ ቢል አይግረማችሁ። በሚያዝያና በግንቦት ሙቀት ደግሞ ይጨምራል። ስለዚህ እዚህ ጽዳት የውበት ጉዳይ አይደለም።

ኬዙን ወደ ጎሚስታ ወስዶ በኮምፕረሰር ማስነፋት የተለመደ ነው፤ ጉዳቱ ግን ይበልጣል። የጎሚስታ ኮምፕረሰር ውኃና ዘይት አብሮ ይተፋል፣ ግፊቱም ፋኑን ከዐቅሙ በላይ አሽከርክሮ ኩሽኔታውን ያበላሸዋል። በብሩሽና በትንሽ ንፋስ መስጫ አጽዱ፣ ስታጸዱም የፋኑን ክንፍ በጣት ያዙ።

የፕሮሰሰሩን ማቀዝቀዣ ከማውጣታችሁ በፊት ማሽኑን ለአምስት ደቂቃ አሠርታችሁ አጥፉትና ሶኬቱን ንቀሉ፤ የደረቀው ፔስት ይለሰልሳል። አራቱን ብሎኖች በማዕዘን እያፈራረቃችሁ ጥቂት ጥቂት ፍቱ። ማቀዝቀዣው አልነሳ ካለ ወደ ላይ አትጎትቱ፣ ግራና ቀኝ በቀስታ አዙሩት። አሮጌውን ፔስት በአልኮል ጥረጉ። አረቄ አይሆንም፤ ውኃና ሌላ ቅሪት አለበት። የእጅ ማጽጃ ጄልም አይሆንም። የእነዚህ ዚዮኖች ክዳን ሰፊ ስለሆነ ከአተር ፍሬ ተለቅ ያለ ጠብታ መሃል ላይ አድርጉ፣ ማቀዝቀዣውን ቀጥ አድርጋችሁ አስቀምጡ፣ ብሎኖቹን እንደገና በማዕዘን አጥብቁ። የፋኑን ገመድ መልሳችሁ መሰካት እንዳትረሱ፤ ኤችፒ ካላገኘው ሲነሳ 511 ብሎ ይነግራችኋል።

5. ካርዱን ምረጡና ግጠሙ

ገመድ ከሌለ፦ ጂቲኤክስ 1050 ቲአይ 4 ጊጋባይት ወይም ገመድ የማይፈልገው ዓይነት ጂቲኤክስ 1650። ሁለቱም 75 ዋት ናቸው። አንድ ባለ 6 ፒን ካለ፦ ጂቲኤክስ 1060 6 ጊጋባይት። ባለ 8 ፒን ካለ፦ ጂቲኤክስ 1660 ሱፐር ወይም አርኤክስ 580፣ ምንም እንኳ የኋለኛው 185 ዋት የሚስብና የሚያሞቅ ቢሆንም። አርኤክስ 6500 ኤክስቲ ላይ ተጠንቀቁ፤ የሚጠቀመው አራት የፒሲአይ መስመር ብቻ ስለሆነ በእነዚህ አሮጌ ማሽኖች ፍጥነቱ ይወርዳል። ከማሽኑ ጋር የመጣው ኳድሮ 600 ወይም ኬ2000 ለዲዛይን ሥራ የተሠራ ነው፣ ለጌም አትመኩበት። ግን ወዲያው አትሽጡት፤ ኢ5 ፕሮሰሰሮች የራሳቸው ግራፊክስ ስለሌላቸው አዲሱ ካርድ እንቢ ሲል ማሽኑን የምትፈትሹት በእሱ ነው።

ስክሪናችሁን አስቡ። የቆየ ቪጂኤ መሰኪያ ብቻ ያለው ስክሪን አሁንም በየቤቱ አለ። የጂቲኤክስ 10 ትውልድ ካርዶች ቪጂኤ አያወጡም፤ ዲቪአይ መሰኪያቸውም ዲጂታል ብቻ ስለሆነ ርካሹ የዲቪአይ መቀየሪያ አይሠራም። ከኤችዲኤምአይ ወይም ከዲስፕሌይፖርት ወደ ቪጂኤ የሚቀይር፣ ውስጡ ቺፕ ያለው አክቲቭ አዳፕተር ያስፈልጋል።

ካርዱን በዋናው ባለ 16 መስመር ቦታ ስኩ፣ ብሎኑን አጥብቁ፣ ገመዱን ስኩ። ማሽኑን በባጃጅ የምታጓጉዙት ከሆነ ካርዱን አውጥታችሁ ለብቻው ያዙ፣ ኬዙንም በጎኑ አጋድሙት። ኮብልስቶን ላይ የሚንገጫገጭ ከባድ ካርድ መሰኪያውን ይሰነጥቃል።

6. ኤስኤስዲና ዊንዶውስ

ተራ ባለ 2.5 ኢንች ሳታ ኤስኤስዲ በቂ ነው። ዜድ420 እና ቲ3600 ኤንቪኤምኢ ከሚባለው፣ ከሳታ ከሚፈጥነው ዲስክ በራሳቸው አይነሱም፤ ለፍጥነት ብላችሁ ኤንቪኤምኢ ገዝታችሁ ዊንዶውሱ አልነሳ ሲል አትድከሙ። የሳታ መሰኪያዎቹም እኩል አይደሉም፦ አንዳንዶቹ 6 ጊጋቢት፣ የቀሩት 3 ጊጋቢት ናቸው። ኤስኤስዲውን ፈጣኑ ላይ ስኩ።

ባዮስ ውስጥ የሳታውን ዓይነት ኤኤችሲአይ አድርጉ፤ ይህን የምታደርጉት ግን ዊንዶውስ ከመጫናችሁ በፊት ነው። ዴል ብዙ ጊዜ ሬይድ ላይ ተደርጎ ይመጣል። ከጫናችሁ በኋላ ብትቀይሩት ሰማያዊው ገጽ ይመጣል፣ ዲስኩ አልተገኘም ይላል። መልሳችሁ ወደ ነበረበት ብታደርጉት ይነሳል።

ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል፤ ዊንዶውስ 11 ደግሞ እነዚህን ፕሮሰሰሮች በይፋ አይቀበልም። በኔትወርክ የሚጫወቱ ካላችሁ አስቀድማችሁ አጣሩ፦ ለምሳሌ ቫሎራንት በዊንዶውስ 11 ላይ ቲፒኤም 2.0 (የደኅንነት ቺፕ) እና ሴኪዩር ቡት (ማሽኑ ሲነሳ ያልታወቀ ፕሮግራም የሚከለክል የባዮስ ምርጫ) ይጠይቃል።

የኳድሮውን ድራይቨር አጥፍታችሁ የአዲሱን ጫኑ። የኃይል አጠቃቀሙን ሃይ ፐርፎርማንስ ላይ አድርጉ። ከዚያ ሜምቴስት86ን ከፍላሽ አስነስታችሁ ራሙን ቢያንስ አንድ ሙሉ ዙር ፈትኑ፣ ቀጥሎ ከባድ ጌም ለ30 ደቂቃ እያሠራችሁ ሙቀቱን ኤችደብሊውኢንፎ በሚባለው ፕሮግራም ተከታተሉ። ፕሮሰሰሩ ከ85፣ ካርዱ ከ83 ዲግሪ በታች ከቆየ ደኅና ነው።

7. የግድግዳው ኤሌክትሪክ

ኬዙን ስትነኩት የሚነዝራችሁ ከሆነ ፓወር ሰፕላዩ ተበላሽቷል ብላችሁ አትፍረዱ። ሶኬቱ ኧርዝ የለውም ማለት ሊሆን ይችላል። ፓወር ሰፕላዩ ውስጥ ያለው ማጣሪያ ትንሽ ኃይል ወደ ኧርዝ ይልካል፤ ኧርዝ ከሌለ ያ ኃይል ኬዙ ላይ ይቀራል። በቴስተር በፌዙና በኧርዙ መካከል ለኩ፤ 220 ቮልት ገደማ ካላሳየ ኧርዙ አልተገናኘም። ኤሌክትሪሺያን ጠርታችሁ አሠሩት። ሦስተኛውን ፒን የሚዘልል ማከፋፈያም አትጠቀሙ።

ዩፒኤስ ስትገዙ የቪኤ ቁጥሩን እንደ ዋት አትቁጠሩት። 650 ቪኤ የተጻፈበት ዩፒኤስ 360 እስከ 390 ዋት ነው የሚሸከመው። ከላይ ላሰላነው 310 ዋት ስክሪን ሲጨመር ትንፋሽ አይኖረውም፤ 1000 ቪኤ እና ከዚያ በላይ ፈልጉ። ርካሽ ዩፒኤሶች የሚያወጡት ማዕበል ንጹሕ ስላልሆነ አንዳንድ ፓወር ሰፕላይ መብራት በጠፋ ቅጽበት ይዘጋባቸዋል። ሥራችሁን አስቀምጡና ጌም እየሠራ ዩፒኤሱን ከግድግዳ ነቅላችሁ ሞክሩት፤ በሱቅ ውስጥ ከሆነ ከመክፈላችሁ በፊት።

ባዮስ ውስጥ ኃይል ሲመለስ ምን ይሁን የሚለውን ጠፍቶ ይቆይ በሚለው ላይ አድርጉት። መብራት ሲመለስ የሚመጣው ቮልቴጅ መጀመሪያ ላይ ሊዋዥቅ ይችላል፤ ጥቂት ደቂቃ ጠብቃችሁ አስነሱ።

8. ሲበላሽ

ምስል የለም፣ ኤችፒ ይጮኻል። የቀዩን መብራት ብልጭታና ድምፁን ቁጠሩ፣ ከሁለት ሰከንድ ዕረፍት በኋላ ይደግማል። 2 ሙቀት፣ 4 ኃይል፣ 5 ራም፣ 6 ግራፊክስ ነው። 5 ከሆነ ራሞቹን አውጥታችሁ አንድ ብቻ መጀመሪያው ቦታ ላይ ሰክታችሁ አስነሱ፣ ከዚያ አንድ አንድ እየጨመራችሁ ጥፋተኛውን ያዙ። 6 ከሆነ የካርዱን ገመድ መሰካት ረስታችሁ እንደሆነ እዩ፣ አሮጌውን ኳድሮ ሰክታችሁም ሞክሩ።

በኳድሮ ይነሳል፣ በአዲሱ ካርድ አይነሳም። ካርዱ ሌላ ማሽን ላይ ከሠራ ባዮሱ አርጅቷል፤ አድሱት። የቪዲዮ ኦፕሽን ሮም የሚለውን ምርጫም ከሌጋሲ ወደ ዩኢኤፍአይ ወይም በተቃራኒው ቀይራችሁ ሞክሩ።

በጌም መካከል ድርግም ይላል። መልእክት የለም፣ ሰማያዊ ገጽ የለም፣ ጭጭ ብሎ ይጠፋል። ይህ ከሁሉም በላይ የሚያሳስተው ነው፤ ሰው ካርዱ ተቃጥሏል ብሎ ይመልሰዋል። መጀመሪያ ከዩፒኤሱ አውጥታችሁ ግድግዳ ላይ ሰክታችሁ ሞክሩ። መጥፋቱ ከቆመ ዩፒኤሱ ዐቅም አጥሮታል። መጥፋቱ ካልቆመ ኤምኤስአይ አፍተርበርነር በሚባለው ፕሮግራም የካርዱን የኃይል ገደብ ወደ 70 በመቶ አውርዱ። አሁን ካልጠፋ ፓወር ሰፕላዩ ደክሟል፣ ካርዱ ደኅና ነው። አሁንም ከጠፋ የፕሮሰሰሩን ሙቀት እዩ፤ ከ95 በላይ ሄዶ ከሆነ ፔስቱ ወይም የማቀዝቀዣው ብሎን ነው።

ሰማያዊ ገጽ ከመጣ ግን ወደ ራሙና ወደ ድራይቨሩ ዙሩ፤ የኃይል ችግር ሰማያዊ ገጽ ለማሳየት ብዙ ጊዜ ፋታ አይሰጥም።

ይንተባተባል፣ ግን አይጠፋም። ጌሙ ሃርድ ዲስክ ላይ ከሆነ ወደ ኤስኤስዲ አዛውሩት። የፕሮሰሰሩ ፍጥነት በጌም መካከል ወደ 1.2 ጊጋኸርዝ የሚወርድ ከሆነ ሙቀት ወይም የኃይል አጠቃቀም ምርጫው ነው።

በክረምት ለሳምንታት ሳይነሳ የቆየ ማሽን እርጥበት ሊይዝ ይችላል፤ ካርዱንና ራሙን አውጥታችሁ መሰኪያ ጫፋቸውን በአልኮል በነከረ ጨርቅ ጥረጉ፣ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ መልሱ። ሰዓቱ ወደ ኋላ ከሄደና 163 የሚል መልእክት በተነሳ ቁጥር ከመጣ የማዘርቦርዱ ባትሪ አልቋል። ሲአር2032ን የጽሑፍ ፊቱን ወደ ላይ አድርጋችሁ ቀይሩት፣ ከዚያ ባዮስ ገብታችሁ ሰዓቱን፣ የሳታውን ዓይነትና ኃይል ሲመለስ ጠፍቶ ይቆይ የሚለውን እንደገና አስተካክሉ፤ ባትሪው ሲያልቅ ሦስቱም ወደ ፋብሪካው ምርጫ ሊመለሱ ይችላሉ።